የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ሥራ ለማግኘት ይረዳል ወይስ ጊዜ ይፈጃል?

የጠባሴው ተመራቂ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁና የመውጫ ፈተናውን ካለፍሁ ሁለተኛ ዓመቴን አጋምሻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለጽሑፍ ፈተና ስመላለስበት የአውቶቡሶቹን ረዳቶች በመልክ እስክለያቸው ደርሻለሁ፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ማስታወቂያ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» በምትል አንዲት መስመር ከደጅ ይመልሰኛል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቀን ደግሞ ለአንድ የሥራ መደብ የሚሰለፈው ሕዝብ ለንግሥ በዓል የመጣ ይመስላል።

ላማክራችሁ የፈለግሁት ስለ ሲቪዬ የመጨረሻ ክፍል ነው። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» በሚለው ርእስ ሥር እስከ ዛሬ «መጽሐፍ ማንበብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና እግር ኳስ መመልከት» እያልሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከእነዚህ መካከል እውነተኛ ፍቅሬ ፎቶግራፉ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ የሚጋገረውን አመዳይ፣ ጣርማ በር ላይ መኪናውንም ገደሉንም የሚውጠውን ጉም፣ ለገበያ የሚነዱትን የመንዝ በጎች በስልኬ ሳነሣ ቀኑ ይመሽብኛል። አባቴ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ባዩኝ ቁጥር «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም ብዬ የማስብባቸው ቀናትም ጥቂት አይደሉም። ክረምት ሲሆን ደግሞ የሰፈራችን ወጣቶች ለሚያካሂዱት የእግር ኳስ ውድድር መዋጮ መሰብሰቡና የጨዋታ መርሐ ግብር ማውጣቱ በእኔ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ግን ጉልበቴን ታምሜ መጫወት ስላልቻልሁ የተሰጠኝ እንጂ ዝንባሌ የሚባል አይደለም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ቀጣሪ የሚፈልገውን ክህሎት በእርግጥ ይገነባልን? የሚገነባ ከሆነስ የማያውቀኝ ሰው ሊያምነኝ በሚችል መንገድ እንዴት ላቀርበው እችላለሁ? ከልምዳችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቅጥር ጠረጴዛ፦

ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ የብዙዎች ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊትም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበርሁ።

አስቀድሜ የማያስደስተውን ልናገር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ነጥብ ሲሰጥ ያየሁት ለትምህርት ማስረጃ፣ ለጽሑፍ ወይም ለተግባር ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ነበር፤ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የተመደበ ነጥብ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቅጥር ስታመለክት በዚያች መስመር ከመጨነቅ ይልቅ ፈተናህን ብታጠና ይሻልሃል። በግል ድርጅቶች ዘንድ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም ዲግሪውም ውጤቱም ተመሳሳይ የሆነ 40 ሰው ፊት ለፊትህ ሲደረደር፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ማንኛውንም ፍንጭ መፈለጉ አይቀርም።

ችግሩ ፍንጩ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ወደ እኔ ጠረጴዛ የሚመጣው ሲቪ አብዛኛው የተጻፈው በፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች በመሆኑ፣ የስምና የስልክ ቁጥሩ ቦታ እየተቀየረ የቀረው ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። በአንድ ወቅት የአንዲት አመልካች ሲቪ «ዋና» ይል ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድባት መሆኗን እያሰብሁ የት እንደምትዋኝ ብጠይቃት፣ ልጅቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «የጻፈልኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው» አለችን። ልጅቱን ቀጥረናታል፤ የቀጠርናት ግን በዋናው አይደለም።

ሌላው ችግር አስተዳደጋችን ነው። «ሙያ በልብ» እየተባልን ስላደግን ያደረግነውን መናገር እንደ ጉራ ይቆጠርብናል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል መሬት መሬት የሚያይ፣ በልቡ ግን ብዙ የያዘ ልጅ በየጊዜው አያለሁ። ጨዋነቱን እወድለታለሁ፤ ሆኖም ወረቀት ላይ ያልሰፈረውንና ከአፉ ያልወጣውን ልመዝንለት አልችልም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ካነሣኸው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «ዝንባሌ የሚባል አይደለም» ብለህ በዘለልሃት ላይ ነው። የሂሳብ ምሩቅ ሆነህ የሰው ገንዘብ ትሰበስባለህ፣ ትይዛለህ፣ ታወጣለህ፤ ይህን እያደረግህ «የሥራ ልምድ የለኝም» ብለህ ትጽፋለህ። እኔ ፊት ብትቀርብ ስንት ቡድን እንደ ነበረ፣ መዋጮው ስንት እንደ ሆነ፣ ዝናብ ጨዋታ ሲያቋርጥ መርሐ ግብሩን በምን ዘዴ እንዳስተካከልህ፣ ያልከፈለ ቡድን ሲኖር ከጓደኞችህ ጋር ሳትጣላ እንዴት እንዳስከፈልህ፣ ገንዘቡ ጎድሎ ያውቅ እንደ ሆነም እጠይቅሃለሁ። መልስህ ሰዓት ሙሉ ሊያነጋግረን ይችላል። «እግር ኳስ መመልከት» ግን ከአርሴናልና ከማንቸስተር አያልፍም።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ ላክል። ያልሠራኸውን አትጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ የተናገረውና እጅህ የሚሠራው ካልተገናኙ አለቃህ ከአንተ በፊት ያውቀዋል።

የጠባሴው ተመራቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎችዎን ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጥሁ ያህል ቆጥሬ ልመልስ። ባለፈው ክረምት 12 ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ስለሚያዋጡ በአጠቃላይ 18,000 ብር ሰብስቤአለሁ። ቡድኖቹን በሁለት ምድብ ስድስት ስድስት አድርጌ ስከፍላቸው በየምድቡ 15 ጨዋታ ይደርሳል፤ ግማሽ ፍጻሜው፣ የደረጃውና የዋንጫው ጨዋታ ሲጨመር 34 ይሆናል። ሜዳችን በሐምሌና በነሐሴ ረግረግ ስለሆነ በየአራት ቀኑ አንድ ቀን ባዶ እተው ነበር፤ የተቋረጠው ጨዋታ ወደዚያ ቀን ሲዛወር የሌላው ሁሉ ቀን አይዛነፍም። ይህን ዘዴ ያገኘሁት በመጀመሪያው ዓመት መርሐ ግብሩ ከተበላሸብኝና እስከ መስከረም ከተጎተተ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ጎድሎ ያውቅ እንደ ሆነ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ በመዝጊያው ዕለት 270 ብር ጎደለኝ። ምክንያቱን ማግኘት ስላልቻልሁና ሰው እንዳይጠረጥረኝ ስለፈራሁ ከኪሴ ሞላሁት።

የገደል ዳር፦

እኔ የምጽፈው ከአንኮበር ነው፤ ያለፍሁበት መንገድ ለጠያቂው ቢጠቅመው ብዬ ነው።

ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ ወፎችን መመልከት እወድ ነበር። የበግ እረኛ ብዙ ሰዓት ስላለው ማየት የማይወድ እረኛ የለም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። እኔን የለየኝ በሰባተኛ ክፍል ከተረፈ ደብተሬ በአንደኛው ላይ ያየሁትን መጻፍ መጀመሬ ነበር፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ገደል ላይ እንደ ነበርሁ፣ ጉም እንዳለና እንደሌለ፣ ወፎቹ ስንት እንደ ነበሩ። ስማቸውን ስለማላውቅ «ጅራተ ረጅሟ»፣ «ጉሮሮዋ ነጭ» እያልሁ እኔው አወጣላቸው ነበር። የሚያነበው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በአካባቢያችን ገደላማ ስፍራዎች ላይ በሳይንሳዊ ስሟ አንኮበርን የተሸከመች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። በሳይንስ መዝገብ የሰፈረችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ስለሆነ ከብዙዎቹ ወፎቻችን ጋር ስትነጻጸር የቅርብ ጊዜ ናት። ላባዋ ደማቅ አይደለም፤ የአገሬው ሰው ድንቢጥ ብሎ ያልፋታል። ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች ግን እርሷን ሳያዩ መመለስ አይፈልጉም፤ ብዙዎቹም ለአንኮበር ያላቸው ጊዜ አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥለው ወደ ጀማ ሸለቆ ወርደው እንደ እርሷ በአገራችን ብቻ የሚኖረውን የቆቅ ዝርያ ይፈልጋሉ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚሹትም ወደ መንዝ ጓሳ ያቀናሉ። እንግዲህ ያቺ ወፍ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የገደል ጫፍ ላይ ዘር ስትለቅም እንደምትገኝ የሚያውቅ ሰው ዋጋ የሚኖረው በዚያ ማለዳ ነው። እኔ ያወቅሁት አዋቂ ስለሆንሁ ሳይሆን ደብተሬ ላይ ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መንገድ ጠይቀውኝ ነበር፤ ወፏን አሳየኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ በእነርሱ አመልካችነት ሌሎች መጡ። እንግሊዝኛዬን ያሻሻልሁት ከእነርሱ አንዱ በተወልኝ ጠርዙ በተበጣጠሰ የወፎች መለያ መጽሐፍ ነው። ከቋንቋው ይበልጥ የከበደኝ ግን «ዛሬ አልወጣችም» ብሎ እውነቱን መናገርን መልመድ ነበር፤ እንግዳው ያን ያህል መንገድ መጥቶ ፊቱ ሲጠቁር ሌላይቱን ወፍ አሳይቶ «ይህቺ ናት» ማለት ይቃጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረገ የሥራ ባልደረባዬን እንግዳው ስለነቃበት ከዚያ በኋላ የጠራው የለም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሰላም እጦት ምክንያት ጎብኚው እጅግ አንሶብናል። በዚህ ጊዜ ያኖረኝ የዱር እንስሳት ቆጠራ ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ መቀጠሬ ነው። በቃለ መጠይቁ ዕለት ከዲግሪ ተመራቂዎች መካከል ተቀምጬ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ደብተሮቼን ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥ ኃላፊው ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይናገር ገለበጠ። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ «ዝናብ ሲዘንብም ትጽፋለህ?» የሚል ነበር፤ የረጠበውን ገጽ አሳየሁት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፎቶግራፎችህን አትጣላቸው፤ ግን ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑን፣ ቦታውንና የሚታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ጻፍበት። የጣርማ በር ጉም ፎቶ በየሰው ስልክ ውስጥ ሞልቷል። ጉሙ ሦስት ክረምት ሙሉ በየትኛው ሳምንት መንገዱን እንደሚዘጋ የሚያሳይ የፎቶ መዝገብ ግን በማንም ዘንድ አላየሁም።

የቀወት ገበሬ ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ነገር አልስማማም። «ትርፍ ጊዜ» የሚባለው ለማን የተረፈ ነው? እኛ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የምንኖር ሰዎች ማሾ ሲደርስ ከንጋት እስከ ምሽት እንለቅማለን፤ የሽንኩርቱ የመስኖ ተራ ሲደርሰን ደግሞ ሌሊቱን ውሃ ስንመልስ እናድራለን። እኅቴ ከዚህ ሁሉ ተርፋ ቤት ገብታ እንጀራ ትጋግራለች። ለእርሷ «ሆቢሽ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ይመስለኛል።

በተጨማሪም ሥራ የሚገኘው በዘመድና በትውውቅ እንደ ሆነ ሁላችንም እያወቅን ለሥራ አጡ ልጅ «የምትወደውን ነገር በርትተህ ሥራ» ማለት ጥፋቱን ወደ እርሱው ማዞር ነው። ፎቶ ለማንሣት ስልክ ያስፈልጋል፤ ለማሳየት የኢንተርኔት ጥቅል ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ሰው ድሮውንም ከሌላው የተሻለ ነው።

እኔ በበኩሌ ሆቢ የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም። የውሃ ሞተር መጠገን የተማርሁት የእኛው ተበላሽቶ ሽንኩርቱ ሊደርቅብን ሲል ነው። ፈታሁት፣ ገጠምሁት፣ አልሠራም፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምሁት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እያመጣልኝ እየሠራሁ አሁን ከእርሻው ይልቅ የምኖረው በእርሱ ነው። ይህ ግን ችግር ያስተማረኝ ሙያ እንጂ መዝናኛ አይደለም።

ባለ ኪሮሽ፦

የቀወቱ ወንድሜ፣ ስለ እኅትዎ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ በዚህ ላይ የምከራከርዎ ነገር የለኝም። ስለ ትውውቁም ቢሆን እውነት ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሞተሩ መጀመሪያ በተበላሸ ጊዜ ችግሩ አስገደደዎት፣ መልካም። የጎረቤትዎን ሞተር ግን ለምን ፈቱት? ያኔ ሽንኩርቱ የእርስዎ አልነበረም።

የእኔን ላጫውታችሁ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አያቴ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባናና ለበርኖስ ሸማኔ ሲሰጡ እያየሁ አድጌአለሁ። እኔ ደግሞ ከጎረቤት በተዋስሁት ኪሮሽ ዳንቴል ጀመርሁ፤ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስመጣ ብርዱ ራሱ ገበያ ሆነልኝና ኮፍያ፣ የአንገት ልብስና ሹራብ መሥራት ቀጠልሁ። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴ ስለተቋረጠ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲፈልግ አመለከትሁ። መርፌና ክር ስለማውቅ ሥራው ቀላል የሚሆንልኝ መስሎኝ ነበር።

አልሆነልኝም። ፋብሪካ ውስጥ ሥራው በደቂቃ ነው የሚለካው፤ አንዱ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላው ኪስ ብቻ እየሰፋ ለቀጣዩ ያቀብላል። እኔ ደግሞ ቤቴ የለመድሁት የተጣመመ ስፌት ካየሁ ፈትቼ እንደገና መሥራት ስለሆነ በእኔ ምክንያት መስመሩ ይቆም ነበር። በመጀመሪያው ወር ከሁሉ የመጨረሻዋ ነበርሁ፤ አለቃዬም የሙከራ ጊዜዬን የማልጨርስ መስሏት እንደ ነበር በኋላ ነግራኛለች። ያዳነኝ ያው ያስቸገረኝ ጠባይ ነው፤ ከጠረጴዛዬ የሚያልፈውን የሌሎች ስፌት ስሕተት ሳልፈልግ እየለየሁ እመልስ ስለነበር ወደ ጥራት ቁጥጥር አዛወሩኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው እዚያ ነው። ዝንባሌ ያስተማራችሁ ነገር ወደምትገምቱት ቦታ ላይወስዳችሁ ይችላል ለማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሹራብ ስሸጥ ለሁለት ዓመት ያህል ያተረፍሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እኅቴ ተቀምጣ ስታሰላልኝ፣ ክሩ 600 ብር፣ የሥራው ጊዜ አምስት ቀን፣ የምሸጥበት ዋጋ 900 ብር፤ ለካ በቀን 60 ብር ስሠራ ኖሬአለሁ! ከዚያ በኋላ ሹራብ ለሰው መሥራቱን ትቼ በአንድ ምሽት የሚያልቁትን ኮፍያዎች ብቻ እሸጣለሁ፤ ሹራብ ለቤተሰቤ ነው። እውነቱን ለመናገር የምወደውን ሁሉ ባልሸጥ ኖሮ ድካሜን የማርፍበት ነገር አላጣም ነበር። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም።

የቅጥር ጠረጴዛ፦

ለቀወቱ ወንድማችን ትንሽ ላክል። ትውውቅ ሥራ ያስገኛል ላሉት አልክድም፤ በዚሁ ከተማ ስንቱን አይቻለሁ። ነገር ግን የእርስዎን ሙያ የሚመለከት አንድ መንገድ አለ። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ክፍል ገብተው ለተማሩ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ በሥራ ላይ ወይም በራሱ ጥረት ሙያውን የለመደ ሰውም ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይችላል። በወረዳዎ የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ለእርስዎ ሙያ የሚሆነውን ደረጃ ያመለክቱዎታል። የእኛን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎች የጥገና ሠራተኛ ሲቀጥሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ ግን የተበላሸ ሞተር ያቀርባሉ። ሁለተኛው ለእርስዎ የሚከብድ አይመስለኝም።

የደብረ ሲናው ጡረተኛ፦

ልጄ፣ በሂሳብ ሹምነት 34 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሌላውን ሌሎች በሚገባ ስለተናገሩት እኔ የማነሣው ስለዚያች 270 ብር ብቻ ነው።

ከኪስህ መሙላትህ ከቅንነት የመጣ ነው፤ በሂሳብ ሥራ ግን ስሕተቱን ከነሕይወቱ መቅበር ይባላል። ገንዘብ ሲጎድል ጉድለቱ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ለሚመለከታቸውም ይነገራል፣ ከዚያ ይፈለጋል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከኪሴ ሞላሁት» ብትል የሚያደንቅህ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ብሆን አልቀጥርህም፤ ዛሬ የራስህን ጨምረህ ያስተካከልህ ሰው ነገ ትርፍ ሲገኝ ምን እንደምታደርግ አላውቅምና።

አሁን ፈልገው። በመጀመሪያ ልክ 270 ብር የሆነ፣ ሳይመዘገብ የቀረ ወጪ እንዳለ ተመልከት። ከሌለ ግማሹን፣ 135ን ፈልግ፤ ወጪን ገቢ አድርገህ ወይም ገቢን ወጪ አድርገህ ጽፈህ ከሆነ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። እርሱም ካልሆነ 270ን ለ9 አካፍል። ያለ ቀሪ 30 ይደርሳል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፤ በአንተ ጉዳይ የመቶ ቤቱና የአሥር ቤቱ አኃዝ በ3 የሚበላለጡበትን ቁጥር ደረሰኞችህ ውስጥ ፈልግ። ይህን ያስተማረኝ አለቃዬ ኮምፒውተር አይቶ አያውቅም ነበር።

ስለ መነኩሴው ቆብ ግን አባትህን በእኔ ስም አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ቀዶ የሚሰፋው መነኩሴ ሲሰፋ ሲሰፋ የገዳሙ ሰፊ ሆኖ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

የጠባሴው ተመራቂ፦

አባቴ፣ እንዲሁም እናንተ ሁላችሁ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ደብተሩን ዛሬ ጠዋት ከቆመበት አንሥቼ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳከርሁ። 270 የሚል ወጪ የለም፤ 135ም የለም። በነሐሴ ወር ለሜዳው መስመር ማስመሪያ ኖራና ለጎል መረብ ማሰሪያ ገመድ የተከፈለበት ደረሰኝ 630 ብር ይላል፤ እኔ ደብተሩ ላይ ያሰፈርሁት 360 ብር ነው። የመቶ ቤቱና የአሥር ቤቱ ልክ እንዳሉኝ በ3 ይበላለጣሉ። ደረሰኙን ይዤ ለብቻዬ ስስቅ እናቴ ደንግጠው ከጓዳ ወጡ።

ሲቪዬንም አስተካክያለሁ። «እግር ኳስ መመልከት» ወጥቷል። በምትኩ «በ2016 እና በ2017 ክረምት የሰፈር እግር ኳስ ውድድር ገንዘብ ያዥና መርሐ ግብር አውጪ፤ 12 ቡድኖች፣ 34 ጨዋታዎች፣ 18,000 ብር በደረሰኝ የተመሳከረ ሂሳብ» ብዬ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያው ክፍል አንሥቼ ከትምህርት ማስረጃዬ ሥር አስገብቼዋለሁ። ቁጥሮቹ ያለፈው ክረምት ናቸው፤ የመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ቡድን ብቻ ስለነበረ ይህንንም ለይቼ ልጽፈው ይገባል፤ ከማተሜ በፊት አስተካክለዋለሁ። ለፎቶግራፎቼም ቀንና ቦታ መጻፍ ጀምሬ ገና አርባ ያህሉን ጨርሻለሁ፤ የአንዳንዱን ቀን ስልኩ ባይዝልኝ ኖሮ አላስታውሰውም ነበር።

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም ስለ ሥራዬ ፈርሞ የምስክርነት ደብዳቤ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። 270 ብሩን ግን «የሚቀጥለው ክረምት መዋጮ ሲሰበሰብ እንመልስልሃለን» ብሎኛል፤ እኔም ተሰብሳቢ ሂሳብ ብዬ መዝግቤዋለሁ።